ለአራተኛ ክፍል ልጆች የጐጃምን ታሪክ ስለ መጻፍ

ጐጃም ደሴት ናት ብዬ ብጀምር የጂኦግራፊ መምህራችን ቀይ እስክርቢቶአቸውን እንደሚያነሡ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ካርታውን ዘርግቶ የተመለከተ ሰው ነገሩ ከእውነት እጅግ የራቀ አለመሆኑን ይረዳል። ዐባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶም ጐጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከዞረ በኋላ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አባቶቻችን አገራቸውን ሲወስኑ «ከዐባይ እስከ ዐባይ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ድልድይ ባልበዛበት ዘመን ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ የወዲህ ማዶ ሰው በወዲህ፣ የወዲያ ማዶውም በወዲያ ተወስኖ የውሃውን መጉደል ይጠብቅ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን የአራተኛ ክፍል ልጆች የሚያነቡት አጭር የጐጃም ታሪክ እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔም ሁለት ቀን ይበቃኛል ብዬ ተቀበልሁ። አራት ወር ፈጀብኝ። ለምን እንደ ፈጀብኝ ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆች ላስረዳ።

የመጀመሪያው ችግር ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ነው። ሩቁ ዘመን ለልጅ ተረት ይመስለዋል። አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ለተማሪዎች ያገለገሉትን የታሪክ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምሩ በመጀመሪያ ያወጡት ከአፄ ቴዎድሮስ ወዲህ ያለውን ዘመን ነበር፤ ወደ ጥንቱ የተመለሱት በኋላ በወጡት መጻሕፍት ነው። እኔም ይህን መንገድ ተከትዬ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጀመርሁ።

ስለ እርሳቸው ዘመን ብዙ የምናገኘው ከአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነው። ብራናና ቀለም የሚያውቁ፣ ሥዕልም የሚሥሉ ሊቅ ነበሩ። የጻፉት ታሪክ ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የጐጃምን ትውልድ ቈጥረው የጻፉልን እኒህ ሰው የተወለዱት ከዐባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው፤ በልጅነታቸው ተማርከው መጥተው በጐጃም አደጉ። ይህን ለልጆቹ ከነገርኋቸው በኋላ «እኛ» እና «እነርሱ» እያልሁ መጻፍ አስቸገረኝ።

ችግሩ በእንባቦ ላይ ባሰ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጐጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሆሮ ጉድሩ መሬት ተዋጉ። ምክንያቱ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የቡና ንግድ በማን እጅ ይሁን የሚል ነው። ጐጃም ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። መጀመሪያ የጻፍሁት እንዲህ ነበር፦ «በአሳዛኝ ሁኔታ ተሸነፍን»። መምህራችን አነበቡና «የሸዋ ልጅ ቢያነበውስ?» አሉኝ። አወጣሁት። ቆይቼም ሳስበው ሦስተኛ ወገን መዘንጋቴ ታየኝ፤ መሬቱ የማን ነበር? እርሻው የተረገጠበት የሆሮ ጉድሩ ገበሬ በጽሑፌ ውስጥ አልነበረም። አንድ አንቀጽ ጨመርሁለት። ከ14 ዓመት በኋላ ሁለቱ ነገሥታት ዐድዋ ላይ በአንድ ወገን መሰለፋቸውን ስጽፍ ግን እጄ ቀለለኝ፤ ያ ገጽ በአንድ ማታ አለቀ።

እንዲህ ያለው ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይና ጀርመን ስንት ጊዜ ከተላለቁ በኋላ፣ የሁለቱም አገር ሊቃውንት ተሰብስበው ለሁለቱም ተማሪዎች አንድ የታሪክ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ የመጀመሪያው ቅጽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ወጣ። የእኔ ሥራ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ስምንት ቅጠል ነው።

ከስምንቱ እጅግ ያስቸገረኝ የደምበጫ ገጽ ነበር። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍግ ብዙ የኢጣልያ ጦር፣ ከስደተኞች የተውጣጣ አንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጦር ከከተማችን በስተ ምዕራብ መንገድ ላይ ገጠመው። የእኛዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ጠላት ጥሶ ቢያልፍም ብዙ ሰው ጐደለበት። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለአያቴም አነበብሁላቸው። አያቴ ጥጥ እየፈተሉ ሰሙኝና «ከጠላት ጋራ የነበሩትስ የማን ልጆች ናቸው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። እውነት ነው፤ በኢጣልያ በኩል ከነጮቹ ጋር ብዙ አፍሪካውያን ወታደሮች፣ የአገራችንም ባንዳዎች ነበሩ። «አጎቴ ዐርበኛ ነበር፤ አባቴ ግን ባንዳ ነበር። አለቃው ስለ ገባ ተከትሎ ገባ» አሉኝ። በቤታችን እስከዚያ ቀን ይህ ተነግሮ አያውቅም።

ሦስት ሳምንት እስክርቢቶ አላነሣሁም። ብተወው ማንም አያውቅብኝም። ደግሞ ልጆቹ ሰምተው «የባንዳ ዘር» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ አያቴም «ስሙን አትጻፍ፤ ነገሩን ጻፍ» አሉኝ። ስለዚህ «ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» ብዬ ጻፍሁ፤ የማን ቤት እንደ ሆነም ለልጆቹ ሳነብላቸው በአፌ ነገርኋቸው።

የፈራሁትን ማንም አላለኝም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ «ከዚያ በኋላ ታረቁ ወይ?» ብላ ጠየቀች። መልሱን አላውቀውም ነበርና ማታ ለአያቴ አቀረብሁት።

«ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም» አሉኝ። «በሦስተኛው ዓመት ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ቀረቻቸው። የእርሻ ወራት ሲደርስ ተቀናጅተው አረሱ።»

ይህም በስምንተኛው ቅጠል ግርጌ ተጨምሯል።