ድምፅ የሚፈተንበት ሲኒማ ቤት

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዛሬ ጊዜ የምንሰማው ድምፅ የዘፋኙ ይሁን ወይም በመሣሪያ የታረመ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የመድረኩን ትርዒት በዚያው ሰዓት በብዙ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

በሚያዝያ 2008 እ.ኤ.አ. የፔሩ ተወላጅ ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬስ በዶኒዜቲ ኦፔራ፣ «የክፍለ ጦሩ ልጅ» ላይ ሲጫወት በዚሁ መንገድ ታይቷል። በውስጡ ያለው አንድ ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ ወደ ላይኛው «ዶ» መውጣትን ይጠይቃል። አዳራሹ ወደ 3,800 ሰው ይይዛል፤ ማይክሮፎኑ ለስርጭቱ እንጂ ለአዳራሹ አይደለም። ድምፁ ቢሰበር «እንደ ገና እንቅዳው» የሚል የለም። የሲኒማው ተመልካችም የዘፋኙን አተነፋፈስ ቀርቦ ስለሚያይ፣ ስጦታ ያለ ብዙ ዓመት ልፋት ለዚህ እንደማይበቃ ይረዳል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ስናይ እናጨበጭባለን። ልጃችን ክራር ሲያነሣ ግን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለን እናሳፍረዋለን። የሩቁን ባለሙያ ያደነቀ ጆሮ፣ በቤቱ ያለውን ልጅ ሳይሰማ ክራሩን ማስጣሉ ተገቢ ነውን?

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር