በግፊት የሚሰጥ ኦክስጅን ለፈንገስ ሕመም፦ የመድኃኒት አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም

የቆዳ ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጭርትን፣ ቋቁቻን ወይም በእግር ጣቶች መካከል የሚታየውን መላላጥ ነው። እነዚህ በቆዳው የላይኛው ክፍል የሚቀሩ በመሆናቸው አብዛኞቹ በሚቀባ መድኃኒት ይድናሉ፤ የራስ ቅል ቆዳ ፈንገስ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ከእነዚህ የተለየ፣ ወደ ሥጋና አጥንት ዘልቆ የሚገባ የፈንገስ ሕመምም አለ። ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን የተሰኘው ሕክምና በተጨማሪነት የሚታሰበው ለዚህ ለከባዱ ዓይነት ነው።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

ታካሚው በልዩ ዝግ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከተለመደው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 3 እጥፍ በሚደርስ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ሰው በየዕለቱ ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በተለመደው ጊዜ ኦክስጅንን በዋናነት የሚያጓጉዙት ቀይ የደም ሴሎች ናቸው፤ ግፊቱ ሲጨምር ግን ኦክስጅኑ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ይሟሟል። በዚህም የደም ዝውውር ወደተዳከመበት የሰውነት ክፍል የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ይወስዳል።

ለፈንገስ ለምን ይታሰባል?

ሙኮርማይኮሲስ ለዚህ ማሳያ ነው። ሕመሙ በ2021 እ.ኤ.አ. በሕንድ ኮቪድ-19 የያዛቸውን፣ በተለይም የስኳር ሕመም ያለባቸውን ብዙ ሰዎች አጥቅቶ “ጥቁር ፈንገስ” በሚል ስም ታውቋል። ፈንገሱ የደም ሥሮችን ወርሮ ይዘጋል፤ ደም ያጣው ሥጋም ይሞታል። በዚያ ሥፍራ መድኃኒት በበቂ መጠን አይደርስም፤ ነጭ የደም ሴሎችም ተሕዋስያንን ለመግደል የሚሹትን ኦክስጅን ያጣሉ። የግፊት ኦክስጅን ይህን ክፍተት ለመሙላት ይታሰባል።

ይሁን እንጂ የሕክምናው መሠረት እንደ አምፎተሪሲን ቢ ያለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት፣ የሞተውን ሥጋ በቀዶ ጥገና ማስወገድ እና የደም ስኳርን መቆጣጠር ነው። ስለ ኦክስጅኑ ጥቅም ያለው ማስረጃም በአመዛኙ በጥቂት ታካሚዎች ላይ ከታየ ውጤት የተገኘ ነው። በግፊቱ ሳቢያ ጆሮና ሳንባ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ንጹሕ ኦክስጅን ባለበት ደግሞ እሳት በቀላሉ ይቀጣጠላል።

የአርሶ አደሩ ጥንቃቄ

በባዶ እግር ለሚያርስና ለሚያግድ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ስጋት ማይሴቶማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ የመደበው ይህ ሕመም፣ በፈንገስ ወይም በባክቴሪያ ይከሰታል። ተሕዋስያኑ በእሾህ ውጊያና መሰል ቁስል በኩል ይገባሉ። እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ስለማያም ታማሚው ይዘናጋል፤ ሲዘገይም አጥንት ተበልቶ እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ጫማ ማድረግ፣ ከእሾህ ውጊያ በኋላ የማይጠፋ እብጠት ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እና የታዘዘን መድኃኒት ሳያቋርጡ መጨረስ ይገባል። ለሚያሳክክ ቆዳ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀምም ምልክቱን ደብቆ ፈንገሱን ሊያስፋፋ ይችላል። በጊዜ የተጀመረ ሕክምና እግርን ያተርፋል።