ገዢው «አልወሰድኩም» ሲል፦ የዱቤ ከብት ክርክርና የማስረዳት ሸክም

ሞያሌ ላይ ብዙው የከብት ንግድ በቃል ያልቃል። ሻጩ መንጋውን አስረክቦ ቀብድ ይቀበላል፤ ቀሪውን ገዢው ከብቱን ናይሮቢ ሸጦ ሲመለስ ይጠብቃል። ችግሩ የሚመጣው ገዢው ሲክድ ነው።

አንድ ነጋዴ 20 በሬ እያንዳንዱን በ60,000 ሺሊንግ በዱቤ ሸጠ እንበል። ዋጋው 1,200,000 ነው፤ 400,000 ተቀብሎ 800,000 ቀረው። ገዢው አልከፍልም ስላለ በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ሻጩ ቃሉን ሰጠ፤ ርክክቡን ያላየ አንድ ምስክርም አቀረበ። የገዢው ጠበቃ ግን መከላከያ ምስክር አልጠራም። «ከሳሽ አላስረዳም፤ ፍርድ ቤቱ በዚሁ ይወስንልን» አለ።

እንዲህ ያለው አቤቱታ ያስኬዳል። የኬንያ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 107 መብት አለኝ የሚል ሰው መብቱ የተመሠረተበትን ፍሬ ነገር እንዲያስረዳ ያስገድዳል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይና በምዋንጊ ስቲቨን ሙሪኢቲ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ፍርድ፣ ተከሳሹ ባይቀርብ እንኳ ከሳሽ ማስረዳት እንዳለበት ገልጿል። የተከሳሽ ዝምታ የከሳሽን ጉድለት አይሞላም።

ለተከሳሹም ቢሆን መንገዱ አደጋ አለው። በፍትሐ ብሔር ክርክር መከላከያዬን አላሰማም ብሎ በከሳሽ ማስረጃ ብቻ እንዲወሰን የጠየቀ ሰው፣ ያ ማስረጃ ሚዛን ከደፋ ይፈረድበታል። «ቆይ፣ አሁን ምስክር ልጥራ» ማለት አይችልም። ከሳሹ ከተሸነፈ ደግሞ የሚያጣው ከብቱን ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የተከሳሹን ወጪ ይከፍላል፤ በፍሬ ነገሩ ተወስኖ ከሆነም በዚያው ጉዳይ ዳግመኛ መክሰስ አይችልም።

ሻጩ ማስረዳት ያለበት አራት ነገር ነው፦ ማን ገዛ፣ ስንት ከብት ተረከበ፣ በምን ዋጋ፣ መቼ ሊከፍል። ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው የመጀመሪያው ነው። ደላላው ተዋውሎ፣ ሌላ ሰው ከብቱን ነድቶ፣ ሦስተኛ ሰው ቀብድ ከላከ፣ ባለዕዳው ማን እንደሆነ ከብቱ ከመጫኑ በፊት መለየት አለበት።

ቀብድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የኬንያ የዕቃ ሽያጭ ሕግ ዋጋው 200 ሺሊንግና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ በፍርድ ቤት እንዲጸና ጽሑፍ፣ ቀብድ ወይም ከፊል ክፍያ፣ አልያም የዕቃ ርክክብ ይጠይቃል። ከገዢው ስልክ በኤም-ፔሳ የገባ ቀብድ ሽያጩን ከማጽናቱም በላይ የላኪውን ስም ያሳያል። ነገር ግን የታተመ የስልክ መልእክት ወይም የዋትሳፕ ጽሑፍ በፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ በማስረጃ ሕጉ አንቀጽ 106ለ መሠረት ከየትኛው መሣሪያ እንዴት እንደወጣ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የእንስሳት ማዘዋወሪያ ፈቃድ ደግሞ ስንት ከብት በማን ስም እንደተጓዘ ይመሰክራል፤ ዋጋውን ግን አይነግርም።

ክሱ ከድንበሩ ማዶ በኢትዮጵያ ከሆነም መነሻው ተመሳሳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን እንዲያስረዳ፣ «ከፍዬአለሁ» የሚል ደግሞ መክፈሉን እንዲያስረዳ ይላል። የከብት ዕዳን «ብድር» ብሎ መክሰስ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የገዢው ስምና ፊርማ፣ የከብቱ ቁጥርና ምልክት፣ ዋጋው፣ የመክፈያው ቀን፣ ርክክቡን ያዩ ሁለት ምስክሮች፤ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። የሚጻፈውም መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው።