የማዘርቦርድ ስሎቶች አሰላለፍና የደጋው አየር

በማዘርቦርድ ላይ የማስፋፊያ ስሎቶች አሰላለፍ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። በቀድሞው «ቤቢ ኤቲ» ቦርድ ፕሮሰሰሩ በስሎቶቹ ትይዩ ይቀመጥ ስለነበር፣ ከነማቀዝቀዣው ረጃጅም ካርዶችን ያግድ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው «ኤቲኤክስ» ፕሮሰሰሩን ከስሎቶቹ መስመር በማውጣት ችግሩን አቃለለ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ምልክት በቦርዱ የመዳብ መስመር ላይ በአንድ ናኖሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 16 ቢሊዮን ቢት ስለሚያስተላልፍ፣ አንዱ ቢት 1 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ሌላው ይከተለዋል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ይዳከማል፤ ስለዚህ ፈጣኑ ስሎት ለፕሮሰሰሩ ቅርብ ይሆናል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ አየራቸው ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሳሳል። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያስወግደው ሙቀት ያንሳል። ካርድ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ለፍጥነቱ የተከፈለው ገንዘብም ከንቱ ይቀራል።

እንግዲህ በእነዚህ አካባቢዎች ኮምፒዩተር የምትገጣጥሙ ተማሪዎች፣ ግራፊክስ ካርዱን ለፕሮሰሰሩ በሚቀርበው ስሎት ሰክታችሁ፣ ከማራገቢያው ፊት ያለውን ስሎት ለአየር ክፍት ተዉት።