የሳይቤሪያን ጫጩት ከአቢጃታ ዳር መቁጠር

የልደታ ልጅ ስለ በረራ ቢያወራ አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ መነሻው የሰፈራችን ሜዳ ነበር። ከዚያ አውሮፕላን በፊት ግን ይህን መስመር ሲመላለሱበት የኖሩ መንገደኞች አሉ። ክብደታቸው ከ20 እስከ 30 ግራም፣ ነዳጃቸው የገዛ ስባቸው ነው።

ከነዚህ አንዷ ትንሿ ስቲንት ትባላለች፤ ድንቢጥ የምታክል የውሃ ዳር ወፍ ናት። እዚህ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሲወርድብን፣ እሷ ከሰሜን ስካንዲኔቪያ እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ቱንድራ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ትፈለፍላለች። ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። አቢጃታን የመሳሰሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ማረፊያዋ ናቸው።

ታዲያ እየበዙ ነው ወይስ እያለቁ? ቱንድራው ላይ ሄዶ መቁጠር ከባድ ነው። መንገድ የለም፣ ጎጆው እዚህም እዚያም የተበተነ ነው፣ ወቅቱም ጥቂት ሳምንት ብቻ። ስለዚህ ሲሰበሰቡ ጠብቆ መቁጠር ይቀላል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጥር ወሩ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር እንዲህ ያለውን «ጠቋሚ» እንለው ነበር። ግንባታውን ዞሮ ማየት ካልተቻለ የሲሚንቶ ሽያጩን ማየት ማለት ነው። ወፎቹ ላይም ይሠራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከርሉ ሳንድፓይፐር በተባለችው የስቲንት ዘመድ መንጋ ውስጥ የዓመቱ ጫጩቶች ስንት እጅ እንደሆኑ በላባቸው ለይተው አዩ። ቁጥሩ ሳይቤሪያ ካለው ሌሚንግ ከተባለ አይጥ መሰል እንስሳ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሌሚንግ ሲበዛ የበረዶ ቀበሮ እሱን ይበላል፤ ሲጠፋ ፊቱን ወደ ወፎቹ እንቁላል ያዞራል። የሳይቤሪያ ቀበሮ ምን እንደበላ አፍሪካ ዳርቻ ቆሞ ማወቅ ተቻለ!

ችግሩ ጠቋሚው ራሱ ሲበላሽ ነው። አቢጃታ ባለፉት አምስት አሥርት ዓመታት የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቷል። ከዝዋይ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ የቡልቡላን ወንዝ አሳንሶበታል፤ ለሶዳ አሽ ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ሲቀዳ ቆይቷል። ዘንድሮ ወፎቹ አንሰው ቢገኙ ጥፋቱ የቱንድራው ነው ወይስ የእኛው? ወይስ ሌላ ሐይቅ ሄደው ነው? የወፍ ቁጥር ብቻውን አይመልስም።

«ለስቲንት ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ስቲንት የምትበላው ዳር ዳሩን ጭቃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። የእሷን ገበታ የሚያጠፋው የውሃ እጥረት የገበሬውንም ከብት ውሃ ያስጠማል። የሶዳ አሹ ቶንና የመስኖው ቲማቲም በመዝገብ ይሰፍራሉ፤ ሐይቁ የከፈለው ግን የትኛውም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ሒሳብ ትርፍ ያሳያል፣ እዳውን ይደብቃል።

ኢትዮጵያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካና የዩራሲያ ፈላሲ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ የጥሩ ቆጠራ፣ የሐይቁ ከፍታና ከዝዋይ የተሳበው ውሃ መጠን በአንድ ሠንጠረዥ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ራሳችንን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ያልቆጠርን ሰዎች ወፍ እንቁጠር ማለታችን ሊያስቅ ይችላል። ግን ወፎቹ መራዘም አያውቁም፤ በየዓመቱ በቀጠሯቸው ይመጣሉ።