ሌሊት ባትሪውን የሚበላው ማን ነው?

ጠጋ በሉማ። ወሬው ከዚህ ባንኮኒ እንዳያልፍ። የምሸጠው የመኪና ባትሪ ነው፤ የምነግራችሁ ደግሞ ባትሪ እንዳትገዙ የሚያደርግ ነው። አለቃዬ ከሰማ ጉዴ ፈላ።

ማታ ደህና የቆመ አይሱዙ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር "ጠቅ" ብሎ ዝም። ከጎረቤት መኪና ገመድ ተስቦለት ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ በማግስቱ ያው ነው። ከዚያ ባለቤቱ እኛ ዘንድ ይመጣል። እኛስ? ቴስተር ነካ፣ ከንፈር መጠጥ። "ይሄማ ሞቷል!"

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ተመጥጦ ያደረ ጤነኛ ባትሪም፣ ዕድሜውን የጨረሰውም ቴስተሩ ላይ 11 ምናምን ቮልት ሊያሳዩ ይችላሉ። የሚለዩት ሙሉ ቻርጅ ተደርገው፣ ጥቂት ሰዓት አርፈው፣ ከዚያ ጭነት ሲሰጣቸው ነው። ጤነኛው ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ይህ ሁሉ አንድ ሌሊት ይፈጃል። የሚቸኩል ደንበኛና የሚቸኩል ሻጭ ሲገናኙ ታዲያ ማን ሌሊት ይጠብቃል?

"የአዲስ አበባ ብርድ ገደለው" የሚሏችሁንም አትመኑ። ብርዱ አጋላጭ ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ መኪና ባትሪው የሚጎዳው እዚያ አፋር ሙቀት ውስጥ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የታኅሣሥ ጠዋት ነው።

ደግሞ ሁሉም የሚከሳት የጋቢና መብራት አለች። ምስኪን! 5 ዋት አምፖል በ24 ቮልት መኪና ላይ 0.2 አምፔር ገደማ ነው የምትስበው። 12 ሰዓት ሙሉ ብትበራ 2.5 አምፔር ሰዓት ናት። 70 ወይም 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ በዚህ አይወድቅም። በእሷ ሰበብ ረዳቱን አትቆጡት።

ታዲያ ማነው? ቀስ... እየመጣሁ ነው።

መኪናው 24 ቮልት ነው አይደል? ሁለት ባለ12 ባትሪ ተቀጣጥሎ ማለት ነው። ሹፌሩ የገዛው ቴፕ ግን ባለ12 ነው። የስልክ ቻርጀሩም፣ ያቺ ትንሽ ፋንም እንደዚያው። ደንቡ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ መግጠም ነው። መቀነሻው ገንዘብ ያስወጣል። የገጠመው ልጅ ብልጥ ነው፤ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ 12ቱን ሰረቀ። ማንም አላየ። ቴፑም ዘፈነ።

ከዚያ በኋላ አንደኛው ባትሪ ሁለት ጌታ ያገለግላል። ዲናሞው ሲሞላ ሁለቱንም እንደ እኩል ነው የሚያያቸው፤ ስለዚህ የተመጠጠው ሳይሞላ፣ ያልተነካው ደግሞ ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃው ይፈላል። ባለቤቱ "አንዱን ብቻ ስጪኝ፣ ሌላው ደህና ነው" ሲል እኔ በሆዴ እስቃለሁ። ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለኋ! አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ታስረው የኖሩበትን ቤት አላየሁም።

ማወቅ ቀላል ነው። ጠዋት መኪናው ሳይነካ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው ለኩ። አንዱ 12.5፣ ሌላው 11.8 ካለ ሁለቱን በሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ላይ አጎንብሱ። ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበት ካያችሁ፣ በቃ።

ሽቦ ከሌለስ? እጃችሁን ዲናሞው ላይ አሳርፉ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ዲናሞው ለብ ካለ ውስጡ ያለው ዳዮድ ያሾልካል፤ ሌሊቱን ሲበላ ያደረው እሱ ነው። ይህን ሌባ፣ ፊውዝ እየነቀሉ የሚፈልጉ ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ የዲናሞው ዋና መስመር እነሱ በሚነቅሏቸው ፊውዞች አያልፍማ።

የቀረውን ኤሌክትሪሺያኑ ይጨርሰው፤ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ። ሁሉ ነገር ይጥፋ፣ በር ይዘጋ፣ የማሳው (የኔጋቲቩ) ገመድ ይፈታ፣ ቴስተሩ 10 አምፔር ላይ ሆኖ በገመዱና በባትሪው መካከል ይግባ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ "ስንት አምፔር ይላል?" በሉት። በመቶኛ የሚቆጠር አምፔር ከሆነ ደህና ነው። አንድ፣ ሁለት ካለ ፊውዝ በየተራ ይነቀል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለበት መስመር ላይ ነው ጉዱ። ብቻ ቴስተሩ እዚያ እያለ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባትሪው የእውነት ካለቀለት ግን እኔ ዘንድ ኑ፤ ሁለቱንም አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ እሰጣችኋለሁ። አሮጌዎቹን "ጣሉልኝ" ብላችሁ እንዳትሄዱ ብቻ። እርሳሳቸው በኪሎ ይሸጣል፣ ዋጋው ከአዲሱ ላይ ይቀነስልኝ በሉ። እኔ መጀመሪያ እንቢ እላለሁ፤ እናንተ ግን አትነቃነቁ።