የእቴጌዋ ጉርድ ፎቶ

ሰሞኑን አንድ ምስል ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሁለቱ ሊያበሽቁኝ የላኩት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ተሳክቶላቸዋል። ምስሉ በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ ካለችው ከናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ተቆርጦ የወጣ የእቴጌ ምንትዋብ ፊት ነው። በግራ በኩል ፊታቸው ብዥ ብሎ፣ ዳር ዳሩ በትንንሽ ካሬ ተሸራርፎ ይታያል፤ «ሲቆረጥ የተበላሸ» ይላል። በቀኝ በኩል ቅንድባቸው ተቀንድቦ፣ ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ እየተቆጠረ፣ ከንፈራቸው ወዝ አውጥቶ ይታያል፤ «በአፑ የታከመ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ፎቶ በተቆረጠ ቁጥር የቀሩት ፒክስሎች እንደሚሞቱ፣ አፑ ግን ከሞት እንደሚያስነሣቸው ተጽፏል።

ፒክስል አይሞትም። የሞተ ከሌለ ደግሞ የሚነሣ የለም። በቀኝ በኩል ያሉት ሴት ማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም፤ ምንትዋብ ግን አይደሉም።

ሥዕሉን ላላየ ሰው ባጭሩ፦ ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ራሳቸው እቴጌዪቱ ናቸው። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ምንትዋብ ከእግሯ ሥር ተደፍተው ይማጸናሉ። ሠዓሊው ንግሥቲቱን ከታች ያደረጋቸው አስቦበት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ሥዕል በስልኩ ያነሣ ሰው ለምንትዋብ የሚተርፍለት ከጥግ ያለች ቁራሽ ብቻ ናት። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ቁራሽ ነው።

ፒክስል ምን እንደሆነ በማስረዳት ጊዜ አላጠፋም፤ ባለ ቀለም ነቁጥ ነው፣ አለቀ። የተለመደ የስልክ ካሜራ 4000 በ3000 ነቁጥ፣ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ያነሣል እንበል። የምንትዋብ ቁራሽ 600 በ450 ቢሆን 270 ሺህ ነቁጥ ነው፤ ከመቶው ሁለት ከሩብ። መቁረጥ ማለት ይህን አስቀርቶ ሌላውን መተው ነው። ከእንጀራ ላይ ቁራሽ ያነሣ ሰው የያዛትን ቁራሽ አላሻገታትም። አነሰች እንጂ ያው እንጀራ ናት። በፊልም ዘመንም ፎቶ ቤቱ ከኔጋቲቩ አንዱን ጥግ ብቻ አጉልቶ ሲያጥብ ኔጋቲቩ ሞተ ያለ ሰው አልነበረም።

ቁራሿ ለምን ትበቃለች? በጥሩ የኅትመት ልክ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነቁጥ ተደርጎ፣ 600 በ450 ወደ 5 በ3.8 ሴንቲ ሜትር ይታተማል። 3 በ4 ከሆነው ጉርድ ፎቶ ይበልጣል። እቴጌዪቱ መታወቂያ ቢያወጡ ፎቷቸው ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ይህቺው ቁራሽ ግድግዳ ትሸፍንልኝ ያለ ሰው ግን ለአሥር ሰው የተጋገረውን ለሠርግ ቤት ያቀረበ ነው፤ እንጀራው ምን አጠፋ?

(እግረ መንገዴን፦ «ክሮፕ» ለሚለው ቃል አማርኛ ጠፋ ብለው የሚጨነቁ አሉ። «መከርከም» የሚሉ አሉ፤ እኔን አጥርና ጠጉር ያስታውሰኛል። «ጉርድ ፎቶ» ስንል የኖርነው ግን እኮ ክሮፕ ነው። የሚያስጨንቀኝስ «ጥራት» የሚለው ቃል ነው። የነቁጡን ብዛትም ጥራት እንላለን፣ የነቁጡን ታማኝነትም ጥራት እንላለን። ሐይቁ ሲጎድልም ሲደፈርስም «ውኃው ጠራ አልጠራ» እያልን እንደመከራከር ነው። መቁረጥ ብዛቱን ይቀንሳል። የቀረውን አያደፈርስም።)

ታዲያ በግራ በኩል ያለው ምስል ምን ነካው? ደፍርሷልና። ያደፈረሰው ከቆረጣው በኋላ የመጣው ነገር ነው፤ «አስቀምጥ» የሚለውን ሲነኩ ስልኩ በዝምታ የሚሠራው ሥራ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ቦታ ነው።

አብዛኛው ፎቶ የሚቀመጠው ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1992 በጸደቀው በጄፔግ ነው። ጄፔግ ምስሉን እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነቁጥ ወደሆኑ ካሬዎች ይሸነሽነዋል። የአንዷን ካሬ 64 ነቁጥ ወስዶ በሌላ 64 ቁጥር ይተካዋል። የመጀመሪያው ቁጥር የካሬዋ አማካይ ድምቀት ነው። የቀሩት 63ቱ ድምቀቱ በካሬዋ ውስጥ እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚል ይናገራሉ፤ ከሰፊው ሞገድ ይጀምሩና ወደ ደቂቁ ይወርዳሉ። ባሕር ዳር ወደብ ላይ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ሐይቁ ዛሬ የደረሰበት ከፍታ አንድ ቁጥር ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ማዕበል ሌላ፣ ጀልባ ጥሎት የሚሄደው ሞገድ ሌላ፣ በመጨረሻ ነፋስ ውኃው ላይ የሚጥለው ሽብሽብታ ሌላ። ሁሉም ተደምረው የውኃው ገጽ ይሆናሉ። የሒሳቡን ዘዴ ትውልደ ሕንድ የሆነው አሜሪካዊ መሐንዲስ ናስር አህመድ እ.ኤ.አ. በ1972 አስቦት፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1974 አሳተመው። ዛሬ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ በስልካችን ውስጥ እንደሚሠራ ሳስብ ስሙን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

እስከዚህ ድረስ የጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መጥፋቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ ጄፔግ እያንዳንዱን ቁጥር በጣሳ ይሰፍረዋል። ቁጥሩ 37፣ ጣሳው 16 ቢሆን፣ ሁለት ጣሳ ከምናምን ይመጣል። ምናምኑ ይደፋና «2» ተብሎ ይጻፋል። ምስሉ ሲከፈት 2 ጣሳ 32 ነው፤ 5ቱ ላይመለስ ሄዷል። ለደቂቁ ሽብሽብታ ጣሳው ይገዝፋል። ከደረጃው ጋር በምሳሌነት በቀረበው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጣሳ 16፣ የመጨረሻው 99 ነው። ግማሽ ጣሳ ያልሞላው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ፋይሉ የሚቀለው በዚህ ነው፤ ዓይናችንም ደቂቁን ብዙ ስለማይከታተል ማጭበርበሩን አይነቃም።

አሁን ዋናው ነገር። ያንን ፎቶ ከፍታችሁ ብታዩትና ብትዘጉት ምንም አይነካም፤ «በተከፈተ ቁጥር ይደክማል» የሚለውም ወሬ ውሸት ነው። ሳትነኩት በዚያው ጣሳ እንደገና ብታስቀምጡትም የሚጎድለው ኢምንት ነው። 32 በ16 ሲሰፈር ልክ ሁለት ጣሳ ነውና የሚደፋ ምናምን የለም። ችግሩ ሦስት ነቁጥ ከግራ ቆርጣችሁ ስታስቀምጡት ነው። ስልኩ አዲስ ካሬ ከአዲሱ ጠርዝ ጀምሮ ይሸነሽናል፤ አዲሶቹ ካሬዎች የድሮዎቹን ድንበር ይረግጣሉ። የሁለት ጎረቤት ክምር ተቀላቅሎ እንደገና ሲሰፈር በየጣሳው አዲስ ምናምን ይተርፋል፤ እሱም ይደፋል። ጣሳውም ከፊተኛው ከሰፋ የባሰ ነው። ወሬው ቅንጣት እውነት ካለው ይህቺው ናት፤ ቆራጩ ድንበር አዛነፈ፣ ያፈሰሰው ሰፋሪው ነው። በትንሽ ጣሳ አንድ ጊዜ ቢሆን ደግሞ ዓይን አይለየውም። ሃያ ጊዜ እየቆረጡ፣ እያስቀመጡ፣ እንደገና እየከፈቱ ሲሆን ነው ካሬዎቹ ብቅ የሚሉት።

ምንም ሳይፈስ መቁረጥም ይቻላል። ሸማኔ ቤት ያደገ ሰው ጨርቅ በጥለቱ መስመር እንጂ በጥለቱ መሐል እንደማይቆረጥ ያውቃል። ጄፔግም በካሬዎቹ ድንበር ላይ ከተቆረጠ ቁጥሮቹን መፍታት አያስፈልግም፤ የተፈለጉትን ካሬዎች እንዳሉ ማንሣት ነው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ከብርሃኑ በግማሽ ቀንሶ ስለሚቀመጥ ትክክለኛው ድንበር በየ16 ነቁጡ ይሆናል። ጄፔግትራን የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህንኑ ያደርጋል። የሚታረመው የመዝገብ ሥራ ብቻ ነው። እያንዳንዷ ካሬ አማካይዋን የምትጽፈው «ከጎረቤቴ በዚህ እበልጣለሁ» እያለች ነውና፣ ጎረቤቷ ተቆርጦ ሲቀር ያ ልዩነት እንደገና ይሰላል። ዋጋው ምንድን ነው? ከላይና ከግራ ቢበዛ 15 ነቁጥ ያልፈለጋችሁት ይከተላችኋል። በኅትመት ልክ 1.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ የሚያለቅስ ካለ አላውቅም።

ከመቁረጥ ይልቅ ማቃናት ነው የሚያስፈራኝ። ወደ ደቅ በጀልባ የሄደ ሰው ካነሣቸው ፎቶዎች ግማሹ ሐይቁ ወደ አንድ ጎን ሊፈስ የደረሰባቸው ናቸው። ሦስት ዲግሪ አዙሮ ማቃናት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሞላ ጎደል አንድም አዲስ ነቁጥ በአሮጌ ነቁጥ ላይ ልክ አይገጥምም። ሁሉም ከጎረቤቶቹ ተደባልቆ እንደ አዲስ ይሰላል። ስለዚህ «መቁረጥ ጥራት ይቀንሳል» የሚለው ሰው ቆርጦ ሳይሆን አቃንቶ ይሆናል። የስልኩ ፎቶ ማረሚያ ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ ስለሚያቀርባቸው አልፈርድበትም።

ሌላው ጥፋተኛ ቅደም ተከተል ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነቁጥ ገደማ ሲያወርድ ኖሯል። ሙሉውን የናርጋ ሥዕል ልካችሁ ተቀባዩ ምንትዋብን ቢቆርጥ፣ የእሳቸው ድርሻ 192 በ144 ይሆናል፤ ወደ 28 ሺህ ነቁጥ። ቆርጣችሁ ብትልኩ ግን 600 በ450 ከወሰኑ በታች ስለሆነ ስፋቱ ሳይነካ ያልፋል። አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው፤ ቴሌግራሙ ያው፣ ምንትዋብም ያው። «እንደ ፋይል» ብሎ መላክ ደግሞ ጭራሹን አያስነካውም። በግራ ያለው ምስል ሳይሆን አይቀርም የዚህ ሰለባ ነው፤ ተልኮ፣ ተቆርጦ፣ ተልኮ፣ እንደገና ተቆርጦ።

ስለ ቆረጣ መስጋት ለሚወድ ሰው ደግሞ የሚያሰጋ እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደታወቀው የጉግል ፒክስል ስልኮች የስክሪን ምስል መቁረጫ የተቆረጠውን ክፍል ከፋይሉ ጨርሶ አያጠፋውም ነበር፤ የባንክ ቁጥሩን ቆርጦ የላከ ሰው ቁጥሩ ተመልሶ ሊነበብበት ይችል ነበር። የሞተ የተባለው ሳይሞት የተገኘበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ስሕተቱ ኋላ ታርሟል።

አሁን ወደ ቀኙ ምስል። እዚህ ላይ ልጠንቀቅ፤ ምስል ማቀነባበር እንጀራዬ ነውና ባልደረቦቼ ያነቡታል። የማሰብ ችሎታ አላቸው የሚባሉት ፕሮግራሞች የጎደለውን ነቁጥ የሚሞሉት ከፎቶው አውጥተው አይደለም። ቀድሞ ካዩአቸው እልፍ ፊቶች ተነሥተው «እዚህ ምን ሊኖር ይችላል» ብለው ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ፐልስ የተባለ ፕሮግራም የባራክ ኦባማን ነቁጡ የተቀነሰ ፎቶ ወስዶ የነጭ ሰው ፊት አድርጎ መለሰው። የናርጋ ሠዓሊ በመስመር የከበበውን ዓይን ያየ ፕሮግራምም የፋሽን መጽሔት ሽፋሽፍት ቢተክልበት ምን ይገርማል?

ይሁን እንጂ «ሁሉም ውሸት ነው» ብል እኔም እዋሻለሁ። አንድን ግድግዳ በእጅ ይዞ በተከታታይ አሥር ጊዜ ያነሣ ሰው፣ እጁ ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ፣ አሥሩ ፎቶዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሲደመሩ አንዱ ብቻውን ያልያዘውን ዝርዝር በእውነት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ያ ግምት ሳይሆን ልኬት ነው። ከዚህም ሌላ ባልደረባዬ በየጊዜው የሚወረውረው ድንጋይ አለ፦ «ያንተ ኦሪጂናልስ ግምት አይደለም ወይ?» ይላል። ልክ ነው። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ባገኘበት አሠራር እያንዳንዱ የካሜራ ነቁጥ የሚለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ወይ ቀይ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሰማያዊ። ሁለቱን ከጎረቤቶቹ ይበደራል። በዚህ አሠራር የተነሣ የቀለም ፎቶ ሁሉ ሁለት ሦስተኛው ብድር ነው ማለት ነው። መልሴ ብድሩ ከጎረቤት ነው የሚል ነው፤ እዚያው ግድግዳ ላይ ካለ፣ እዚያው ብርሃን ካረፈበት ቦታ። አፑ የሚበደረው ባሕር ማዶ ካለ የማያውቀው ሰው ፊት ነው። ባልደረባዬ «ልዩነቱ የርቀት እንጂ የዓይነት አይደለም» ይላል፤ በዚህ እስካሁን አልተስማማንም።

እኔ ናርጋን ያነሣሁበት የራሴ ፎቶ ነበረኝና ፈልጌ አወጣሁት። በድንበሩ ላይ ቆርጬ፣ አንድም ጣሳ ሳልሰፍር፣ እንደ ፋይል አድርጌ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ቀለሙ የደበዘዘበት፣ ሥዕሉ ያረፈበት ጨርቅ የተሰነጠቀበት፣ የሠዓሊው እጅ የሄደበት መስመር ሁሉ ይታያል። ጥቂት ቆይታ መለሰችልኝ፦

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን የአፑ ያምራል።»